የወፍ በሽታ በየት በኩል ይገባል? ከብሬመን እስከ ዴልሂ የተደረገ ፍለጋ ታሪክ

መግቢያ

በአገራችን የሰው ዓይን ቢጫ ሆኖ ሲታይ «የወፍ በሽታ ያዘው» ይባላል። ብዙ ሰዎችም በሽታውን የምታመጣው ወፍ፥ ይልቁንም የሌሊት ወፍ ናት ብለው ያምናሉ። የተማረ ሰው ይህን ሲሰማ ፈገግ ብሎ ማለፍ ይቀናዋል። ነገር ግን በእምነቱ ውስጥ ያለውን ጥያቄ ማክበር ይገባል፤ ይኸውም «ይህ ሕመም በየት በኩል ወደ ሰውየው ገባ?» የሚለው ነው። መልሱ ትክክል ባይሆንም ጥያቄው ትክክል ነበር። በአውሮፓ ታላላቅ ሐኪሞች ይህን ጥያቄ እንኳ ሳይጠይቁ የኖሩበት ዘመን አለ። ስመ ጥሩው ጀርመናዊ ሐኪም ሩዶልፍ ፊርሖ የሐሞት መውረጃው ጫፍ ንፍጥ በመሰለ ነገር ተደፍኖ ስላየ፥ የዚህ ዓይነቱ የዓይን ቢጫነት የሚመጣው ከአንጀት ከተነሣ ብግነት ነው ብሎ በ1865 ጻፈ። ይህም አሳብ ለረጅም ጊዜ ተቀባይነት አግኝቶ ስለ ኖረ፥ በሽታው ከሰው ወደ ሰው የሚሻገር መሆኑን ብዙዎች ሳይመረምሩት ቀሩ።

ይህ ጽሑፍ ሊያስረዳ የሚሞክረው አንድ ነገር ነው። የዓይን ቢጫነት ጉበት መታመሙን ይናገራል፤ በሽታው የመጣበትን መንገድ ግን አይናገርም። መንገዱን የገለጠው ቆጠራ ነው፤ ይኸውም የታመሙትን ካልታመሙት ጋር አስተያይቶ፥ «እነዚህ አግኝተውት እነዚያ ያላገኙት ነገር ምንድር ነው?» ብሎ መጠየቅ ነው። ለዚህ ማስረጃ የሚሆኑ ሦስት ወረርሽኞችን እናቀርባለን፤ በጀርመን አገር በብሬመን ከተማ በ1883፥ በአሜሪካ ጦር ሠራዊት በ1942፥ በሕንድ ዋና ከተማ በዴልሂ በ1955 የተነሡትን። በመጨረሻም ነገሩ ለአገራችን ያለውን ትርጉም እንመለከታለን። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የሕመሙ መልክ

ወደ ታሪኩ ከመግባታችን በፊት ሕመሙ በሰው ላይ ምን እንደሚመስል ባጭሩ መናገር ያስፈልጋል። በሽታው ሲጀምር ሌሎች ብዙ ሕመሞችን ይመስላል። ሰውየው ይደክመዋል፥ ምግብ ያስጠላዋል፥ ያቅለሸልሸዋል፥ አንዳንድ ጊዜም ያስመልሰዋል፤ ቀላል ትኩሳት ሊኖረውና ከቀኝ ጎድኑ በታች ሊያመው ይችላል። ትምባሆ የሚያጤስ ሰው ትምባሆው ያስጠላዋል። ከጥቂት ቀኖች በኋላ ሽንቱ እንደ ጠቆረ ሻይ ይሆናል፥ ዓይነ ምድሩ ይነጣል፥ ከዚያም የዓይኑ ነጭ፥ ቀጥሎም ቆዳው ቢጫ ይሆናል፤ ያሳክከውም ይሆናል።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ያረጁ ቀይ የደም ሕዋሳት ሲፈርሱ ቢጫ ቀለም ያለው ነገር ይወጣል። ጤነኛ ጉበት ይህን ቀለም ከደም ለይቶ ከሐሞት ጋር ወደ አንጀት ይሰደዋል። ጉበት ሲታመም ግን ቀለሙ በደም ውስጥ ይቀርና ወደ ዓይንና ወደ ቆዳ ይገባል፤ ከፊሉም በሽንት ይወጣል፤ አንጀት ቀለሙን ስለሚያጣ ዓይነ ምድር ይነጣል። አብዛኛው ሕመምተኛ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይድናል። ዳሩ ግን የጥቂቶች ጉበት ፈጽሞ ይደክማል። ሕመምተኛው ሲቃዥ፥ እንቅልፍ እንቅልፍ ሲለው፥ ወይም ደም ሲደማው ነገሩ ለሞት የሚያሰጋ ስለሆነ፥ ሳይዘገይ ወደ ሐኪም ቤት መወሰድ አለበት።

ዛሬ ይህን ሕመም የሚያመጡ አምስት ዋና ዋና ቫይረሶች ይታወቃሉ፤ ስማቸውም ሄፓታይተስ ኤ፥ ቢ፥ ሲ፥ ዲ እና ኢ ይባላል። ኤ እና ኢ በአፍ በኩል፥ በዓይነ ምድር በተበከለ ውኃና ምግብ ይገባሉ። ቢ፥ ሲ እና ዲ ዋና መንገዳቸው ደም ነው፤ ቢ ደግሞ በግብረ ሥጋና ከእናት ወደ ልጅ በወሊድ ጊዜ ይተላለፋል። እንግዲህ ሐኪሙ በአልጋ ላይ የሚያየው ቢጫ ዓይን አንድ ሲሆን፥ ከበስተኋላው ያሉት መንገዶች ልዩ ልዩ ናቸው። ይህን ለመለየት ብዙ ዘመን የፈጀበት ምክንያትም ይኸው ነው።

የብሬመን መርከብ ሠሪዎች

በ1883 በብሬመን ከተማ በአንድ ትልቅ የመርከብ መሥሪያ የሚሠሩ ሰዎች የፈንጣጣ ክትባት ተከተቡ። በዚያ ዘመን የክትባቱ ፍሬ ነገር የሚወሰደው ቀደም ሲል ከተከተቡ ሰዎች ቁስል ከሚወጣው ውኃ ነበር፤ ይህም እንዳይበላሽ ከግሊሰሪን ጋር ይቀላቀል ነበር። በዚህ ክትባት ከተከተቡት 1,289 ሠራተኞች መካከል፥ ሳምንታትና ወራት ካለፉ በኋላ 191 ሰዎች ዓይናቸው ቢጫ ሆነ።

ሉርማን የተባለው ሐኪም ይህን ሲመረምር ብዙ ነገሮችን መጠርጠር ይችል ነበር፤ ምግባቸውን፥ ውኃቸውን፥ የሥራውን ቦታ አየር። ነገር ግን እርሱ ያደረገው የታመሙትን ካልታመሙት ጋር ማስተያየት ነው። ከዚያ ወዲያ የተቀጠሩና ያን ክትባት ያላገኙ ሠራተኞች በዚያው ቦታ እየሠሩ አልታመሙም። ከሌላ ሰው በተወሰደ የክትባት ውኃ የተከተቡትም እንዲሁ ጤነኞች ነበሩ። ስለዚህ ሉርማን በሽታው የመጣው ከዚያ ከተለየው ክትባት ጋር ነው ብሎ በ1885 ጽፎ አሳተመ። ቫይረስ የሚባል ነገር ገና ባልታወቀበት ዘመን፥ ያለ ረቂቅ መሣሪያ፥ በሠራተኞች ስም ዝርዝር ብቻ የደምን መንገድ አመለከተ። ትምህርቱ ግን በቶሎ ሰሚ አላገኘም።

የአሜሪካ ጦርና የ1942 ክትባት

ከብሬመን በኋላ 60 ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው፥ ያው ነገር እጅግ በገዘፈ መጠን ተደገመ። በ1937 ማክስ ታይለርና ባልደረቦቹ በኒው ዮርክ በሮክፌለር ፋውንዴሽን ቤተ ሙከራ ቢጫ ወባን የሚከላከል መልካም ክትባት አገኙ፤ ታይለርም በ1951 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። ክትባቱ ራሱ ደኅና ነበር። ነገር ግን ቶሎ እንዳይሞት ሲባል ከሰው ደም የተለየ ውኃማ ክፍል፥ ሴረም የሚባለው፥ ይጨመርበት ነበር። ሴረሙም ከብዙ ሰዎች ተሰብስቦ የተቀላቀለ ስለሆነ፥ ከደም ሰጪዎቹ አንዱ ቫይረሱን ቢይዝ ለብዙ ሺህ ሰው የሚበቃው ክትባት ሁሉ ይበከል ነበር።

ማስጠንቀቂያ ያልተሰማበት ነገር አልነበረም። በ1937 በእንግሊዝ አገር ፊንድሌይና ማክካለም የተባሉ ሐኪሞች፥ ከቢጫ ወባ ክትባት በኋላ ጥቂት ሰዎች ከወራት ቆይታ በኋላ ዓይናቸው ቢጫ መሆኑን ጽፈው ነበር። በብራዚልም ተመሳሳይ ነገር ስለ ታየ፥ በዚያ የሚሠሩ ሐኪሞች ሴረሙን ከክትባቱ አስወጡት። የአሜሪካ ጦር ግን ወደ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በገባበት ጊዜ ወታደሮቹን ሴረም ባለበት ክትባት ከተበ። በ1942 ወደ 50,000 የሚጠጉ ወታደሮች በዚህ ሕመም ሆስፒታል ገቡ፤ 62 ሰዎችም ሞቱ።

እዚህም ላይ ነገሩን የገለጠው ቆጠራ ነው። መርማሪዎቹ ሕሙማኑ የተከተቡበትን የክትባት ጥቅል ቁጥር ሲያስተያዩ፥ ሕመሙ በአንዳንድ ጥቅሎች ላይ በዝቶ በሌሎቹ ላይ አለመኖሩን አዩ። በሚያዝያ ወር 1942 ሴረም ያለበት ክትባት እንዲቀር ተደረገ፤ ሴረም የሌለበት ያው ክትባት ሲሰጥ ሕመሙ አልታየም። ምርመራውን እንዲህ አስቸጋሪ ያደረገው፥ ሰው ከተከተበ በኋላ እስኪታመም ድረስ ሁለት፥ ሦስት፥ ወይም ከዚያ በላይ ወራት ማለፋቸው ነው። ወታደሩ በክረምት የተወጋውን መርፌ በበጋ ከያዘው ሕመም ጋር አያገናኘውም ነበር። ይህ ነገር ዛሬም ሊረሳ አይገባውም፤ ሄፓታይተስ ቢ ከገባ በኋላ ምልክቱ እስኪታይ ከ30 እስከ 180 ቀን ይወስዳልና፥ ሕመምተኛውን «ባለፈው ሳምንት ምን ሆንህ?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም።

ከዚህ ወረርሽኝ በኋላ በ1947 ማክካለም በአፍ የሚገባውን ሄፓታይተስ ኤ፥ በደም የሚገባውን ሄፓታይተስ ቢ ብሎ እንዲለይ አሳብ አቀረበ። የቢ ቫይረስ ምልክት በባሩክ ብሉምበርግ ምርመራ በ1960ዎቹ ታወቀ፤ የኤ ቫይረስም በ1973 በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ታየ። የወታደሮቹ ሕመም የትኛው እንደ ነበረ በእርግጥ የታወቀው ግን በ1985 ነው። በዚያ ዓመት የቀድሞዎቹ ወታደሮች ደም ተመረመረ። ክትባቱን አግኝተው ከታመሙት መካከል 97.7 በመቶ፥ አግኝተው ካልታመሙት 76.5 በመቶ፥ ሴረም የሌለበትን ካገኙት ግን 13 በመቶ ብቻ የሄፓታይተስ ቢ ምልክት በደማቸው ተገኘ። በ1987 በታተመው በዚህ ጥናት መሠረት ቫይረሱ የገባባቸው ወታደሮች 330,000 ያህል ነበሩ ተብሎ ተገመተ። ስለዚህ ዓይኑ ቢጫ ከሆነው ከአንዱ ወታደር በስተኋላ፥ ምንም ምልክት ሳያሳዩ ቫይረሱ ያለፈባቸው ብዙ ሌሎች ነበሩ ማለት ነው።

የዴልሂ ውኃ

አሁን ከመርፌው ወደ ውኃው እንለፍ። የዴልሂ ከተማ ከያሙና ወንዝ ወዚራባድ በሚባል ቦታ ውኃ ትቀዳ ነበር። ከዚያ ትንሽ ዝቅ ብሎ የናጃፍጋር ቦይ የከተማውን ቆሻሻ ይዞ ወደ ወንዙ ይገባል። ውኃው ወደ ታች እስከ ፈሰሰ ድረስ ቆሻሻው ወደ መቅጃው አይደርስም ነበር። በ1955 ግን ከጎርፍ በኋላ ወንዙ መንገዱን ለወጠና ሸሸ፤ በኅዳር ወር አጋማሽ ላይ የቦዩ ፍሳሽ ወደ ላይ ተመልሶ ወደ መቅጃው ደረሰ። የውኃው ሠራተኞች ነገሩን ስላወቁ ክሎሪን አብዝተው ጨመሩ። በዚህም የታይፎይድ ወረርሽኝ ሳይነሣ ቀረ። ሆኖም በባክቴሪያ ላይ የበረታው ክሎሪን ይህን ቫይረስ አላቆመውም።

ከዚያ በኋላ ለጥቂት ሳምንታት ምንም አልታየም። ከታኅሣሥ 1955 መጀመሪያ እስከ ጥር 1956 አጋማሽ ድረስ ግን ዓይናቸው ቢጫ የሆነ 29,300 ያህል ሰዎች በከተማይቱ እንደ ታመሙ ተገመተ። ቪስዋናታን የተባለው ሐኪም ወረርሽኙን መርምሮ በ1957 ባሳተመው ጽሑፍ፥ ውኃው በተበከለበት ቀንና ሕመሙ በተነሣበት ቀን መካከል ያለውን ጊዜ ቆጥሮ መንገዱን አሳየ። የተበከለው ቀን በትክክል የታወቀ ስለሆነ፥ ቫይረሱ ከገባ በኋላ ሕመሙ እስኪታይ ስንት ጊዜ እንደሚወስድ ለማወቅ እንዲህ ያለ መልካም አጋጣሚ ከዚያ በፊት እምብዛም አልነበረም።

በዚህ ወረርሽኝ ሁለት እንግዳ ነገሮች ታዩ። አንደኛው፥ በብዛት የታመሙት ጎልማሶች እንጂ ሕፃናት አለመሆናቸው ነው። ሁለተኛውና የከፋው፥ ነፍሰ ጡር የሆኑ ሴቶች ከሌሎቹ ሕሙማን ይልቅ በብዛት መሞታቸው ነው። የመዠመሪያው ነገር ጥርጣሬ ሊያስነሣ ይገባ ነበር። ሄፓታይተስ ኤ ንጹሕ ውኃ በሌለበት አገር ሰውን የሚይዘው በልጅነቱ ነው፤ ትንንሽ ልጆችም አብዛኛውን ጊዜ ዓይናቸው ቢጫ ሳይሆን ያልፋቸዋል፤ አንድ ጊዜ የያዘውም ሰው ዳግመኛ አይያዝም። ታዲያ በልጅነታቸው ያለፉት ጎልማሶች እንዴት በአንድ ጊዜ ታመሙ? ነገር ግን በዚያን ጊዜ «በውኃ የሚመጣው ሄፓታይተስ ኤ ነው» የሚለው ስም ተዘጋጅቶ ስለ ነበረ፥ የዴልሂም ወረርሽኝ በዚሁ ስም ሥር ተመዘገበ።

ስሙ የተመለሰው በተቀመጠ ደም ነው

በዴልሂ በወረርሽኙ ጊዜ ከሕሙማን የተቀዳው ደም ከፊሉ ተቀምጦ ነበር። ለኤ እና ለቢ የደም ምርመራ ከተገኘ በኋላ ይህ ደም ወጥቶ ተመረመረ። በ1980 በታተመው ውጤት፥ የ1955ቱ ወረርሽኝ ኤ ወይም ቢ እንዳልነበረ ታወቀ። በዚያው ዓመት የካሽሚር ሐኪም ክሩ በ1978 በአገሩ የተነሣውን ሌላ የውኃ ወረርሽኝ መርምሮ ወደዚሁ አሳብ ደረሰ። ከዚያም የሶቪየት ሐኪም ባላያን እጅግ አስፈሪ ሙከራ አደረገ። ቀድሞ ሄፓታይተስ ኤ የያዘው ስለ ነበረ ከዚያ የሚያሰጋው ነገር አልነበረም፤ ከሕሙማን የተወሰደ የዓይነ ምድር ጭማቂ ጠጥቶ ታመመና ቫይረሱን በራሱ ዓይነ ምድር ውስጥ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ አየ። ምርመራው በ1983 ታተመ። ቫይረሱም ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሄፓታይተስ ኢ ተብሎ ተሰየመ።

እንግዲህ ዴልሂ ለ25 ዓመት በተሳሳተ ስም ተጠራች። ስሕተቱ የስም ብቻ አይደለም። ነፍሰ ጡር ሴቶች በብዛት የሚሞቱበት የተለየ በሽታ መኖሩ ሳይታወቅ ስለ ኖረ፥ ለእነርሱ የተለየ ጥንቃቄ አልተደረገም። ዛሬ የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚያስረዳው፥ በእርግዝናቸው የመጨረሻ ሦስት ወራት ሄፓታይተስ ኢ ከሚይዛቸው ሴቶች መካከል እስከ 20 ወይም 25 በመቶ ሊሞቱ ይችላሉ። ያን ሞት ግን የዴልሂ ሐኪሞች አስቀድመው ቆጥረውት ነበር። የስሙ አሳብ ቢያልፍም ቁጥሩ ስለ ተጻፈ፥ በኋላ የመጡት እውነቱን ለማግኘት ተጠቀሙበት።

ነገሩ በአገራችን

ይህ ታሪክ ከእኛ የራቀ ይመስላል፤ ነገር ግን አይደለም። በ1991 ፕሮፌሰር እደማርያም ፀጋና ባልደረቦቻቸው በሰሜን ኢትዮጵያ በወታደሮች መካከል ስለ ተነሣ የሄፓታይተስ ኢ ወረርሽኝ ጽፈው አሳተሙ። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ወረርሽኝ ሳይኖር በየጊዜው ብቅ የሚለው የወፍ በሽታ ምን ምን ቫይረስ እንደሚያመጣው፥ ለበሽታው ምን እንደሚያጋልጥና በነፍሰ ጡሮች ላይ ምን ጉዳት እንደሚያደርስ የመረመረ ጥናት አወጡ። ከምክንያቶቹም አንዱ ሄፓታይተስ ኢ ሆኖ ተገኘ። በ2014 ደግሞ በጋምቤላ በደቡብ ሱዳን ስደተኞች መካከል ይኸው በሽታ ተነሣ። የወታደር ሰፈርና የስደተኛ ሰፈር አንድ የሚሆኑበት ነገር ግልጽ ነው፤ ብዙ ሰው በጠባብ ቦታ ይሰፍራል፥ ውኃው ከአንድ ቦታ ይቀዳል፥ መጸዳጃውም አይበቃም።

የደሙም መንገድ በአገራችን ክፍት ነው። ስለ ሄፓታይተስ ቢ የሚያጠኑ ሐኪሞች፥ ሰውየው ሳይቀቀል በተደገመ መርፌ ተወግቶ እንደሆነ፥ እንጥሉን ተቆርጦ፥ ተነቅሶ፥ በሌላ ሰው ምላጭ ተላጭቶ ወይም ተበጥቶ እንደሆነ የሚጠይቁት ስለዚህ ነው። ሄፓታይተስ ቢ ጎልማሳን ሲይዘው አብዛኛውን ጊዜ ይለቀዋል፤ በጨቅላነቱ የያዘውን ሕፃን ግን ከ10 በ9ኙ ላይ ለረጅም ዘመን ይቀርና በኋላ ጉበቱን ሊያጠፋው ይችላል። ለዚህ በሽታ ክትባት አለ፤ በአገራችንም ከ2007 ጀምሮ ለሕፃናት ከሚሰጠው አምስት በሽታዎችን ከሚከላከለው ክትባት ጋር ተጨምሯል። ይህ ክትባት የሰው ሴረም የለበትም።

መደምደሚያ

ከሦስቱ ታሪኮች የምናገኘው ትምህርት አንድ ነው። ሉርማን ቫይረሱን አላየም፤ ቪስዋናታንም የቫይረሱን ስም አላወቀም። ሁለቱም ግን ማን እንደ ታመመ፥ ማን እንዳልታመመ፥ መቼና ምን ካገኘ በኋላ እንደ ታመመ ጽፈው አስቀመጡ። በኋላ የመጣው ሳይንስ የእነርሱን ስም ሊያርም ቻለ፤ የቆጠሩትን ግን አላፈረሰውም።

በየገጠሩ ቤተ ሙከራ የሌላቸው ብዙ ጤና ጣቢያዎች አሉ። የደም ምርመራ በሌለበት ቦታ ቫይረሱን በስሙ መለየት አይቻልም። ነገር ግን ዓይኑ ቢጫ የሆነ ሰው ሲመጣ በመዝገቡ ላይ አራት ነገር ለመጻፍ ብዕር ብቻ ይበቃል፤ ውኃ ከየት እንደሚቀዳ፥ ባለፉት ስድስት ወራት መርፌ ወይም ምላጭ ነክቶት እንደሆነ፥ ከጎረቤቶቹ የታመመ መኖሩንና፥ ሴት ከሆነች ነፍሰ ጡር መሆንዋን። ከአንድ ምንጭ የሚቀዱ አምስት ሰዎች በአንድ ወር ከተጻፉ፥ ውኃው እንዲፈላና ምንጩ እንዲታጠር ለመናገር የቫይረሱን ስም መጠበቅ አያስፈልግም። ነፍሰ ጡርዋም ቅጠል እየተበጠሰላት በቤት ከምትቆይ አስቀድማ ወደ ሐኪም ቤት ብትወሰድ ይሻላል።

ወፏ በሽታውን አላመጣችም። «በየት በኩል ገባ?» የሚለውን የአባቶቻችንን ጥያቄ ግን ልንጥለው አይገባም፤ መልሱን በመዝገብ ላይ እየጻፍን ልንፈልገው ይገባል።